ከጓዳ እስከ ስልክ፦ ምን እንጣል? ምን እናስቀምጥ?

መግቢያ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ጥምቀት ሲደርስ አዲስ ልብስ ለማስገዛት ነው። እኔ ግን በሌላ በኩል ልየው ብዬ አሰብኩ። በዓመቱ ትልቅ ቀን ያልለበስነው፣ በአዘቦቱም ቀን የማንለብሰው ቀሚስ፣ ሱሪና ጃኬት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል? ነገሩ በልብስ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ጓዳው ሞልቷል፣ ቆጡ ሞልቷል፣ የአልጋው ሥር ሞልቷል። የዶርም ሎከራችንም ያው ነው። ስልካችንማ «ቦታ የለም» እያለ በቀን ሦስቴ ያስታውሰናል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ቤትንና ስልክን አጽድቶ አዲስ ዓመትን ወይም አዲስ ሴሚስተርን በቀለለ ሁኔታ መጀመር እንዴት ይቻላል? ርዕሱ የቤት እመቤት ጉዳይ እንጂ የትምህርት ክፍላችን ጉዳይ የማይመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እኛ የመረጃ ሳይንስ ተማሪዎች «የሰነድ ምዘና» የሚባለውን ትምህርት ስንማር ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሰነድ ሁሉ ለዘላለም አይቀመጥም፣ ሰነድ ሁሉም አይጣልም። የትኛው ለአንድ ዓመት፣ የትኛው ለአሥር ዓመት፣ የትኛው ለሁልጊዜ እንደሚቆይ አስቀድሞ ይወሰናል። በአገር ደረጃ ይህ ሥራ በ1936 ዓ.ም. ለተመሠረተውና ሰዉ እስካሁን «ወመዘክር» እያለ ለሚጠራው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የተሰጠ ነው። በየቤታችን ግን ወመዘክር የለም። እኛው ራሳችን መዛኝ መሆን አለብን።

1. ዕቃ ለምን ይከማቻል?

አንዳንድ ሰው ዕቃ የሚከማቸው በስንፍና ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቢያንስ በእኛ አካባቢ ያለው ምክንያት ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ሰዉ ችግርን ያውቃል። ጎንደር ከተማ የኖረ ሰው ውሃ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ስለዚህ ባዶ ጀሪካን ያየ ሰው አይጥለውም። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እያለ ያከማቻል። በውጭ አገር የታወቀችው የጃፓኗ ማሪ ኮንዶ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝኛ ከታተመ በኋላ ብዙ ሰው ዘዴዋን ተከትሏል። ዘዴዋ ባጭሩ ዕቃውን በእጅህ ያዝ፣ ደስታ ከሰጠህ አስቀምጥ፣ ካልሰጠህ አመስግነህ አሰናብት የሚል ነው። ጥሩ ምክር ነው። ግን እስቲ በጀሪካን ላይ እንሞክረው! ጀሪካን ይዞ ደስታ የተሰማው ሰው አላውቅም። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ግን ከሶፋ ይበልጣል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «ደስ ይለኛል ወይ?» ሳይሆን «ስንት ይበቃኛል?» ቢሆን ይሻላል። አምስት ጀሪካን የሚበቃው ቤት አሥራ አምስት ካለው፣ አሥሩ ቦታ ያዥ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው የራሳችን ብቻ አይደለም። የሟች አባት ጋቢ አለ፣ የአክስት አደራ አለ፣ ዐረብ አገር የሄደች እህት የተወችው ሻንጣ አለ። ይኼን ማን ደፍሮ ይነካል?

ሦስተኛ፣ የቤቱ አሠራርም አለበት። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ ያለው የገበሬ ቤት መኖሪያም፣ ጎተራም፣ አንዳንዴ ጋጣም ነው። ጎታው፣ ጋኑ፣ እንስራው፣ ሞሰቡ፣ ቀንበሩና ሞፈሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ብርዱ ከባድ ስለሆነ ከብቱም ከሰው ጋር ያድራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ16ቱ ፓኬጆቹ መካከል የቤት አያያዝን ያስገባው፣ ከብትን ከሰው መኝታ ለዩ፣ ማድቤትን ለብቻ አድርጉ የሚለውም ለዚህ ነው። እዚሁ ከተማችን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኮንንና ከማኅበረሰብ ነርስ ጋር የሳኒተሪያን ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። የቤት ጽዳት ትምህርት በጎንደር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

አራተኛው ምክንያት የኛ ዘመን ነው። ስልክ ውስጥ የሚከማች ነገር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይጥ አያመጣም። ስለዚህ ማንም ሰው ቆሻሻ ብሎ አያስበውም።

2. የቀደሙት ሰዎች ዘዴ

የመለየትና የማስቀመጥ ጥበብ ከውጭ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ጷጉሜን ይመልከት። ክረምቱ ሲያልቅ ግድግዳው ይመረጋል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ ጓዳው ወጥቶ ፀሐይ ይመታል፣ የነቀዘው እህል ተለይቶ ይበጠራል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ይለኮሳል። ዓመቱ ሲለወጥ ቤቱም አብሮ ይለወጣል። በጎንደር ደግሞ ሁለተኛ ዙር አለ፤ ጥምቀት። ከየአገሩ እንግዳ ስለሚመጣ ጥር 10 ከመድረሱ በፊት ያልተነካ ማዕዘን አይቀርም። እንግዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያጸዳ ባህል አለን ማለት ነው። ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ ዕቃውን አውጥተን፣ አራግፈን፣ መልሰን እዚያው እናስገባዋለን። ጸዳ እንጂ አልቀነሰም።

ከዚህ የበለጠ ያስገረመኝ የአብያተ ክርስቲያናቱ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ደብር ዕቃ ቤት አለው፣ ለዕቃ ቤቱም ኃላፊ አለው። በጎንደር ዘመን ደግሞ መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ ወይም በኑዛዜ ሲተላለፍ ጉዳዩ ከነምስክሮቹ ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ደብር በዚህ ይታወቃል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ በሚመለከት መጽሐፍ የተጠቀሙት እነዚህን የመሰሉ ጽሑፎች ነው። ለምን በወንጌል ገጽ ላይ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብጣሽ ወረቀት ይጠፋል፣ ይቃጠላል። ቅዱስ መጽሐፍን ግን የሚጥል የለም። በተጨማሪም የት እንዳለ ካህናቱ ሁሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ሰነዱን ከማይጣል ነገር ጋር አጣበቁት።

እርግጥ ይህም ቢሆን ከአደጋ አላመለጠም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ወድቀው 350 ገደማ የሚሆኑት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄደዋል። ሁሉን በአንድ ቦታ ማከማቸት የራሱ አደጋ አለው። ይህን ነጥብ ስለ ኮምፒውተር ስናነሣ እንመለስበታለን።

3. አንድ ምሳሌ ከወገራ

ነገሩን በተግባር ለማየት ከቤተሰቤ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። እናቴ የምትኖረው ወገራ ነው። አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጎረቤት ጋር የማሳ ድንበር ጉዳይ ተነሣና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ የይዞታ ደብተሩ ይቅረብ አለ። ደብተሩ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጆች ላስረዳ። በአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጣል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይገባበታል። ለአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ይኼ ደብተር ተራ ወረቀት አይደለም። «ይህ መሬት የኔም ነው» የሚልላት ምስክር ነው።

እናቴ ያን ቀን ታማ ጎንደር ለሕክምና መጥታ ነበር። ታናሽ እህቴ ቤቱን ብትገለብጠው ደብተሩ የለም። ሣጥን ውስጥ የለም፣ ፍራሽ ሥር የለም፣ የአባቴ አሮጌ ቦርሳ ውስጥም የለም። የተገኘው የ1990ዎቹ የግብር ደረሰኝ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ወረቀት፣ የኔ የ4ኛ ክፍል ሪፖርት ካርድ፣ የተበላሹ ሦስት የእጅ ባትሪዎች፣ ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮች፣ ይኼን የመሰለ ነገር ነው። ሲጨንቃት ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ደብተሩን የት አደረግሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ከዘሩ ስልቻ ነዋ! ሌላ የት ይሆናል?» አለችኝ፤ እንዲያውም ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለው የገብስ ዘር ስልቻ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ «ልጄ፣ ዘር የሚነካ ማን አለ? ቢርበንም ዘር አንበላም። አይጥም አይደርስበት» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ስለ ቁስቋም ያነበብኩት ትዝ አለኝ። የእናቴ ዘዴና የቀደሙት ካህናት ዘዴ አንድ ነው፤ የማይጠፋውን ከማይጣለው ጋር ማስቀመጥ። ስለዚህ ለኔ የተዝረከረከ የሚመስለው ጓዳ ለእሷ ሥርዓት ነበረው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በደብሩ ውስጥ ሰነዱ የት እንዳለ ብዙ ሰው ያውቃል። በእኛ ቤት ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ያን ቀን መናገር ባትችልስ? እህቴስ ስልቻውን አራግፋ ዘሩን ለጎረቤት ብታበድርስ? እርግጥ በወረዳው መዝገብ ላይ ምዝገባው አለ፤ ደብተር ስለጠፋ መሬት አይጠፋም። ቢሆንም ምትክ ለማውጣት ስንት ምልልስ እንዳለው የደረሰበት ያውቀዋል። ክርክር ሲኖር ደግሞ ጊዜው ራሱ ጉዳት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት ጸዳ የሚባለው ዕቃ ሲያንስ ብቻ አይደለም። አስፈላጊው ነገር ሲፈለግ፣ ባለቤቱ ባይኖር እንኳ፣ ሌላ ሰው ሊያገኘው ሲችል ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ምክር ሁሉ በዚህ መለኪያ የተሠራ ነው።

4. ቤትን ለማጽዳት

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች የካይዘን ሙከራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «አምስቱ ማዎች» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ተለጥፎ ቁም ሣጥኑ ከነአቧራው ይቀራል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ለቤትም ይሠራል። ዋናው ነጥብ ማጣራት ከማጽዳት በፊት መምጣቱ ነው። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ እንጠርጋለን።

ሀ) በትንሹ መጀመር። ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው ማታ መኝታ ያጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ አንድ ሣጥን፣ ነገ አንድ መደርደሪያ።

ለ) አራት ክምር መሥራት። የሚቆይ፣ የሚሰጥ፣ የሚሸጥ፣ የሚጣል። አምስተኛ ክምር አለመሥራት! «እስቲ ላስብበት» የሚባለው ክምር ተመልሶ አልጋ ሥር ይገባል። የግድ ካስፈለገ በካርቶን አድርጎ ቀን ጽፎ ማሸግና እስከሚቀጥለው ጷጉሜን ካልተከፈተ ማሰናበት ነው።

ሐ) የሌላውን ሰው ዕቃ አለመንካት። ከዩኒቨርሲቲ የሄደ ልጅ ቤት ገብቶ የእናቱን ዕቃ «ይኼ ቆሻሻ ነው» ቢል ጠብ ነው የሚያተርፈው። መጠየቅ ይቀድማል። ያባትን ጋቢ ማስቀመጥ እንጂ መጣል አይጠበቅብንም። ትዝታም ቦታ ይገባዋል፤ ግን ለትዝታ አንድ ሣጥን ይበቃዋል።

መ) ለማን እንደሚሄድ ማወቅ። በዚህ በኩል አገራችን ሀብታም ናት። ቆራሌው በየሰፈሩ ይዞራል፤ ቆርቆሮ፣ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ፕላስቲክ ይገዛል። ልዋጭ ያዡም አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰ ሰው የዘይት ቆርቆሮ ምድጃ፣ አሮጌ ብረት ማረሻ ሲሆን አይቷል። ለሰው በነፃ የሚሰጥ ልብስ ግን ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክቶ መሰጠት አለበት። የተቀዳደደ መስጠት ቆሻሻችንን በሌላው ቤት መጣል ነው።

ሠ) ለአንዳንድ ነገር ጥንቃቄ ማድረግ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለጎረቤት አይሰጥም፣ ሽንት ቤትም አይጣልም፤ ወደ ጤና ተቋም ወስዶ የፋርማሲ ባለሙያን ማማከር ነው። ፕላስቲክና ባትሪ ግቢ ውስጥ ማቃጠል ጢሱ ይጎዳል። ደጅ የተጣለ ጎማና ጣሳ ውሃ ይቋጥራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተነሣውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ነው። ደጋው ብርድ ስለሆነ እኛን አይመለከትም ብለን እንዳንዘናጋ፤ ዘመድ ያለን መተማና ቋራም ነው።

ረ) የሰነድ ቦርሳ ማዘጋጀት። ከሁሉ የበለጠ የምለው ይህን ነው። አንድ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ወይም ወፍራም ፌስታል፣ በውስጡም የመሬት ይዞታ ደብተር ወይም የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናው፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ካርድ፣ ውልና የፍርድ ቤት ውሳኔ። ቦርሳው የት እንዳለ ቢያንስ ሁለት የቤቱ ሰዎች ይወቁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ሰው በድንገት ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። በዚያች ሰዓት ሰው ልጁን ነው የሚያነሣው፣ ትክክልም ነው። ሰነዱ በአንድ ቦርሳ የሆነለት ሰው ግን በሁለተኛው እጁ ሊያነሣው ይችላል። በአሥር ቦታ የተበተነበት አይችልም።

5. ስልክንና ኮምፒውተርን ለማጽዳት

ወደ ራሳችን እንምጣ። የተማሪ ስልክ የሚሞላው በዋናነት በቴሌግራም ነው። በየግሩፑና በየቻናሉ የሚላከው ፎቶ፣ ቪዲዮና ፒዲኤፍ እኛ ሳንጠይቅ ይወርዳል። አንዱ የሌክቸር ኖት በአራት ግሩፕ ሲላክ አራት ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው። በሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለው ገብቶ ራሱን በራሱ ማውረዱን መዝጋት፤ ከዚያም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ውስጥ ገብቶ የተከማቸውን ማጥፋት። እንዲህ የጠፋው ከስልካችን እንጂ ከቴሌግራም ሰርቨር ስላልሆነ ስንፈልገው መልሰን ማውረድ እንችላለን።

እዚህ ላይ ግን የእኛ አካባቢ ልዩ ሁኔታ አለ። የውጭ አገር ጽሑፎች «ሁሉን ክላውድ ላይ አድርጉ፣ ስልካችሁ ባዶ ይሁን» ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንረሳውም። ያኔ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ያለ ኖት፣ ያለ ምንም ማጋነን፣ የለም ማለት ነበር። በተጨማሪም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ የቴሌግራም አካውንት ከነያዘው ሁሉ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ቴሌግራም መላላኪያ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፎቶና ማስረጃ በእጃችን ባለ ነገር ላይም ይኑር።

ባለሙያዎች የሚመክሩት የ3-2-1 ሕግ ለዚህ ይረዳል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ለምሳሌ ጽሑፉ በላፕቶፕ፣ ቅጂው በፍላሽ፣ ሦስተኛው ኢሜይል ላይ ወይም አዘዞ ባለ ዘመድ ቤት በሚሞሪ ካርድ። የመቅደላው ታሪክ የሚያስተምረንም ይኸው ነው።

ሌሎች ነጥቦችን ባጭሩ ላስቀምጥ።

የፋይል ስም፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» የሚሉ ስሞች ከሦስት ወር በኋላ ለባለቤቱም አይገቡም። በዓመት፣ በወርና በቀን መጀመር ይሻላል፤ እንዲያ ከሆነ ፋይሎቹ በራሳቸው ተራ ይይዛሉ። እኛ ግን ሁለት የዘመን አቆጣጠር ስላለን «2016» ብቻ ብንጽፍ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። «ዓም» ወይም «እኤአ» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ደግሞም የአማርኛ ሞክሼ ፊደላት ፍለጋውን ያበላሹታል። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ ሰው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ ኮምፒውተሩ የለም ሊለው ይችላል። በቤታችን ፋይሎች አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጠን እንጽና።

ቆሻሻ የሚመስሉ አሮጌ ፋይሎች፦ በመሥሪያ ቤቶችና በቤታችን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅ የሚያሳዩ ፋይሎች አሉ። ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋቸዋል። አልተበላሹም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ የአማርኛ ጽሑፍ ይጻፍ የነበረው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ ሶፍትዌሮች ሲሆን፣ አሮጌው ፎንት ከሌለ ጽሑፉ አይታይም። ፎንቱ ተጭኖ መክፈትና ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የአባት ኑዛዜ ሊሆን ይችላልና ሳናይ አናጥፋ። ፍላሽ ላይ ፋይሉ ጠፍቶ አቋራጭ ምልክት ብቻ ሲታይም ብዙ ጊዜ ቫይረስ ደብቆት እንጂ ጠፍቶ አይደለም፤ ፎርማት ከማድረግ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው።

የሠርግ ካሴትና ቪሲዲ፦ ማጫወቻው ከገበያ እየጠፋ ስለሆነ ቶሎ ማስገልበጥ ነው። ይህ «ይቆይ» ከሚባሉት ውስጥ ቢሆንም ዝም ብሎ ካስቀመጡት በራሱ ጊዜ ይሞታል። ያልተገላበጠ ያራል እንደተባለው ነው።

ስልክ ሲሸጥና ሲም ሲጣል፦ ፎቶ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከጉግል አካውንት መውጣት፣ ሚሞሪ ካርዱን ማውጣት፣ ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ ያስፈልጋል። የማንጠቀምበትን ሲም ከመተዋችን በፊት ደግሞ በዚያ ቁጥር የተከፈተውን ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ ቴሌብርና የባንክ አገልግሎት ወደ አዲሱ ቁጥር እናዛውር። ቁጥሩ ነገ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና የማረጋገጫ ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል።

የይለፍ ቃል፦ ቅድም ያልኩት የስልቻው ነገር እዚህም አለ። የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ በአንድ ሰው ስልክ፣ እሱ ብቻ በሚያውቀው ፓተርን ተቆልፎ ይቀመጣል። ሰውየው አንድ ነገር ቢሆን ያ ሁሉ ትዝታ አብሮት ይሄዳል። የባንክ ሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም። የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ያለበትን ቦታ ግን ቢያንስ አንድ የምናምነው ሰው ይወቀው።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርኩት፣ ቤትንና ስልክን ማቅለል ማለት ብዙ መጣል ማለት እንዳልሆነ ነው። በእኛ አገር ሁኔታ መጣል የሚገባን «ስንት ይበቃኛል?» ለሚለው ጥያቄ ትርፍ የሆነውን ነው። ጀሪካንም ቢሆን፣ ጃኬትም ቢሆን፣ አራት ጊዜ የወረደ ኖትም ቢሆን። የሚቆየው ደግሞ ቦታው የታወቀ፣ ቅጂ ያለው፣ ከባለቤቱ ሌላ ሰውም የሚያውቀው ይሁን።

እናቴ ደብተሩን ዛሬም ከዘሩ ስልቻ አላወጣችውም፤ እኔም አውጪ አላልኳትም። ቦታውን ግን አሁን ሦስታችንም እናውቃለን፣ የእያንዳንዱ ገጽ ፎቶም በእህቴና በኔ ስልክ ላይ አለ። የድንበሩ ጉዳይም ደብተሩ ቀርቦ፣ ሽማግሌዎች ማሳውን ዞረው አይተው በስምምነት አልቋል።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። በየዓመቱ ከሰኔ ፈተና በኋላ ተማሪዎች ዶርም ሲለቁ ስንት ደብተር፣ መጽሐፍና ልብስ ሜዳ ላይ እንደሚቀር እናውቃለን። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ለይተን መጽሐፉን ለታናናሾቻችን፣ ልብሱን ለሚፈልገው፣ ወረቀቱንና ፕላስቲኩን ለቆራሌው ብናስተላልፍ፣ አሮጌ የአማርኛ ፋይል ያለው ሰውም አምጥቶ በላብራቶሪያችን ወደ ዩኒኮድ ብንቀይርለት፣ የተማርነውን ሥራ ላይ አዋልነው ማለት ነው። ሐሳቡን የሚደግፍ ለክፍል ተወካዩ ስሙን ይስጥ።

ቸር ይግጠመን።